ምጣዱ ብቻውን የማይበቃቸው ዘሮች

በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች ለዘመናት በየቤቱ እየተቆሉ፣ እየተወቀጡና እየተፈጩ ለምግብነት ሲውሉ የቆዩ አገር በቀል ዘሮች በአሁኑ ወቅት የምግብ አምራች ድርጅቶች ግብዓት በመሆን ላይ ናቸው። ሽሮ፣ በሶ፣ ለሕፃናት የሚዘጋጅ ምጥን ዱቄት፣ የታሸገ ቆሎ፣ የኑግና የሰሊጥ ውጤቶች ከጉልት ገበያ አልፈው በትላልቅ መደብሮች መደርደሪያ ላይ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያውያን በብዛት በሚኖሩባቸው የውጭ አገር ከተሞች በሚገኙ የባልትና ሱቆች ይሸጣሉ።

የዘርፉ መስፋፋት ለአርሶ አደሩ ገበያ፣ ለሴቶች ማኅበራት ሥራ፣ ለሸማቹም ገንቢ ምግብ የሚያስገኝ መሆኑ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ ከቤት ወደ ፋብሪካ በሚደረገው በዚህ ሽግግር ውስጥ በቀላሉ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። እነዚህ ዘሮች በቤት ውስጥ ለምግብነት የሚበቁት በመቆላታቸው ብቻ አይደለም። ከምጣዱ በፊት መልቀምና መዘፍዘፍ፣ ከምጣዱ በኋላ ደግሞ ማጠብ፣ መከካትና ከሌላ እህል ጋር ማመጣጠን አለ። ፋብሪካው መቁላቱንና መፍጨቱን ብቻ ወርሶ ሌላውን ከተወ፣ ባለሙያዋ እናት በየቤቷ ስትከላከለው የቆየችው አደጋ በታሸገ ዱቄት መልክ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

በቅድሚያ መቁላት የሚሰጠውን ጥቅም መመልከቱ ተገቢ ነው። ዘር ሲቆላ እርጥበቱ ስለሚቀንስ ሻጋታ በቀላሉ አያጠቃውም፤ የመፈጨት ባሕሪውም ይሻሻላል። በሽምብራ፣ በአተር፣ በባቄላና በመሳሰሉት ጥራጥሬዎች ውስጥ የሚገኙት፣ ሰውነት ፕሮቲንን እንዳይፈጭ የሚያግዱ ንጥረ ነገሮች አብዛኞቹ ሙቀትን የማይቋቋሙ በመሆናቸው በምጣዱ ላይ ኃይላቸውን ያጣሉ። የቆሎ መዓዛና ቀለምም የሚገኘው ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች በሙቀት ኃይል ሲዋሐዱ ነው። ከዚሁ ጋር ግን ይኸው ውሕደት ላይሲን የተባለውን፣ በእህል ውስጥ እምብዛም የማይገኘውንና ለሕፃናት እድገት አስፈላጊ የሆነውን የፕሮቲን ክፍል ይቀንሳል። ዘሩ እየጠቆረ በሄደ መጠን ጉዳቱም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ2002 በስዊድን ይፋ የተደረገው ግኝት እንዳመለከተው ደግሞ፣ ስታርች ያላቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ደረቅ ሙቀት ሲበስሉ አክሪላማይድ የተሰኘ፣ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል ተብሎ የሚጠረጠር ውሕድ ይፈጠራል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃዎች ኮሚሽን ኮዴክስ አሊሜንታሪየስ ይህን ውሕድ ለመቀነስ የሚያስችል የአሠራር መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 አውጥቷል። መፍትሔውም ያን ያህል የተወሳሰበ አይደለም፤ ዘሩ ወርቃማ ቀለም ሲይዝ ማውጣት፣ ያረረውን መለየት ነው።

የምግብነት ዋጋቸውን በተመለከተ፣ አገር በቀል ዘሮች አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ ሆነው ይገኛሉ። ጥራጥሬዎች ላይሲን ሲበዛባቸው ሜቲዮኒንና ሲስቲን የተባሉት ድኝ አዘል የፕሮቲን ክፍሎች ያንሷቸዋል። በሰሊጥ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኑግ ከክብደቱ ከሲሶ ያላነሰ ዘይት የሚይዝ ሲሆን፣ ከዚህም ዘይት ሦስት አራተኛ ያህሉ ሰውነት በራሱ ሊሠራው የማይችለው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ተልባም በኦሜጋ ሦስት ቅባቱ ይታወቃል። ገብስና ሽምብራን ከሱፍ ወይም ከኑግ ጋር አመሳቅሎ የመቁላት ልማድ የቤተ ሙከራ ውጤት ሳይጠብቅ የተገኘ የሥነ ምግብ ጥበብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል 37 በመቶዎቹ የመቀንጨር ችግር የታየባቸው እንደነበሩ ሲታሰብ፣ እነዚህ ዘሮች በተጨማሪ ምግብ ዝግጅት ውስጥ ሊኖራቸው የሚገባውን ድርሻ መገመት አያዳግትም። ፋፋ የተሰኘው የሕፃናት ምግብ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ እህልንና ጥራጥሬን በማመጣጠን የተዘጋጀው በዚሁ እሳቤ ነበር።

ዋናው ጥያቄ የሚነሣው ሙቀት ሊያስወግዳቸው በማይችሉት ነገሮች ላይ ነው። ለዚህም ግብጦና ጓያ የተባሉት ሁለት ጥራጥሬዎች እጅግ ግልጽ የሆነ ማነጻጸሪያ ይሰጣሉ።

ግብጦ በጎጃም፣ በአዊና በጎንደር አካባቢዎች እምብዛም ለም ባልሆነ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ሲሶና ከዚያ በላይ ፕሮቲን ያለው ጥራጥሬ ነው። በውስጡ የሚገኙት አልካሎይድ የተባሉ መራራ ንጥረ ነገሮች በብዛት ከተወሰዱ የአፍ መድረቅ፣ የማየት ብዥታ፣ ማዞርና የልብ ምት መዛባት ያስከትላሉ። የአካባቢው ነዋሪ ግብጦን ከቆላ ወይም ከቀቀለ በኋላ ለቀናት ውኃውን እየለዋወጠ ይዘፈዝፈዋል፤ ወንዝ ቅርብ ከሆነም በጆንያ አስሮ በሚፈስ ውኃ ውስጥ ያሳድረዋል። መራራነቱ ሲለቅ ቅርፊቱ ተልጦ ይበላል። እዚህ ላይ መርዙን የሚያስወግደው ውኃው እንጂ እሳቱ አይደለም። ደግነቱ ግብጦ ራሱ አስጠንቃቂ ነው፤ በደንብ ያልታጠበ እንደሆነ ምላስ አይቀበለውም። ስለዚህም በቤት ውስጥ የጥራት ቁጥጥሩን የሚያከናውነው ተመጋቢው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። በዱቄት መልክ ከሌላ እህል፣ ከቅመምና ከጨው ጋር ሲደባለቅ ግን ይህ ተፈጥሯዊ ማስጠንቀቂያ ይደበዝዛል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ በግብጦ ዱቄትና ውጤቶች ውስጥ የሚፈቀደውን የአልካሎይድ መጠን በኪሎ ግራም ከ200 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ የወሰኑት ያለ ምክንያት አይደለም።

ጓያ ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። መርዙ ጣዕምም ሆነ ሽታ የለውም። የተቆላ ጓያ እንደ አተር ቆሎ ይጣፍጣል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች ይረክሳል። ከሩብ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ፕሮቲን ነው። በጥቁር የሸክላ አፈር ላይ ዝናብ ሊያበቃ ሲል ተዘርቶ በመሬቱ ቀሪ እርጥበት ብቻ ያፈራል፤ ድርቅንም ውኃ መተኛትንም ይቋቋማል። ኢትዮጵያ ከሕንድና ከባንግላዴሽ ጋር በዓለም ከታወቁት የጓያ አምራቾች አንዷ ስትሆን፣ ሰብሉ በሸዋ፣ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ደጋና ወይና ደጋ አካባቢዎች በስፋት ይመረታል። በአጭሩ ሌላው ሰብል ሲከሽፍ ቆሞ የሚገኘው ጓያ ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በጓያ ውስጥ የሚገኘውና ቤታ ኦዳፕ በሚል አጭር ስያሜ የሚታወቀው ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በሕንድ ተመራማሪዎች ነው። ጓያ የዕለት ምግቡ ዋና ክፍል ሆኖ ለሁለትና ለሦስት ወራት የቆየ ሰው፣ በተለይም ወጣት ወንድ ከሆነ፣ ኒውሮላቲሪዝም ለተባለው የእግር ሽባነት ሊጋለጥ ይችላል። በሽታው አይገድልም፤ አእምሮንም አይጎዳም። ነገር ግን አይድንም። በማለዳ ወደ እርሻው በእግሩ የሄደው ጎልማሳ ከዚያች ቀን በኋላ ያለ ምርኩዝ የማይራመድ ሊሆን ይችላል። «ጓያ ሰበረው» የሚለው የአርሶ አደሩ አነጋገር የበሽታውን ባሕርይ ከማንኛውም የሕክምና መዝገበ ቃላት በተሻለ ይገልጸዋል።

የመጠንና የብቸኝነት ጉዳይ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የተፈጸመ አንድ መራር ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1942 የሩማንያ ባለሥልጣናት በቫፕኒያርካ የማጎሪያ ካምፕ ለታሰሩ አይሁዳውያን በቀን 400 ግራም ያህል ለእንስሳት መኖ የሚውል ጓያ ከጥቂት ዳቦ ጋር ይሰጡ ነበር። በሳምንታትና በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ እስረኞች እግራቸው ተሳሰረ። ከእስረኞቹ አንዱ የነበሩት ሐኪም አርተር ኬስለር መንስኤው ምግቡ መሆኑን ለይተው አውቀዋል፤ ከጦርነቱም በኋላ በእስራኤል ሆነው የሕሙማኑን ሁኔታ ለዓመታት ተከታትለዋል።

በኢትዮጵያም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በጎንደር ደምቢያና ፎገራ፣ ከ1995 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ደግሞ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ወረርሽኞች የተከሰቱ ሲሆን፣ በኋለኛው ብቻ ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተጎድተዋል። በዚሁ ወረርሽኝ ሕሙማን ላይ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናት ለፖሊሲ አውጪዎች ከፍተኛ ፋይዳ ያለው ነው። የጓያ ንፍሮና ጥሬ እሸቱ ለሽባነት የሚያጋልጡ ሆነው ተገኝተዋል። በአንጻሩ ከእህል ጋር ተደባልቆ የተበላው፣ እንዲሁም ከሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከመሳሰሉት ማጣፈጫዎች ጋር በወጥ መልክ የቀረበው ያን ያህል አደጋ አላስከተለም። ምክንያቱም እህል በድኝ አዘል የፕሮቲን ክፍሎቹ ጓያ የጎደለውን ስለሚያሟላና ማጣፈጫዎቹም ሰውነትን ከመርዙ ጉዳት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች ስላሏቸው ነው።

ለመሆኑ መቁላቱስ? ሙቀት የቤታ ኦዳፕን የተወሰነ ክፍል ያፈርሳል፤ ከፊሉንም ጉዳቱ ወደቀነሰ ዓይነት ይለውጠዋል። ቀሪው ግን በዘሩ ውስጥ ይቆያል። ንጥረ ነገሩ በውኃ የሚሟሟ በመሆኑ በሙቅ ውኃ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ከመቁላት የበለጠ ውጤት አለው። ችግሩ በድርቅ ጊዜ ውኃና ማገዶ አብረው የሚጠፉ መሆናቸው ነው። ሽንኩርትና እህልም እንዲሁ። እናም በጣም አስተማማኙ የአዘገጃጀት ዘዴ የሚቀረው ልክ በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ሲሆን፣ የሚተርፈው ቆሎና ንፍሮ ብቻ ይሆናል። በአንዳንድ አምራች አካባቢዎች በሽታውን የሚያመጣው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ወይም የገለባው ንክኪ ነው ተብሎ ይታመን የነበረ መሆኑም ትምህርት የሚሰጡ ባለሙያዎች ሊያጤኑት የሚገባ ነው። ከእንፋሎቱ የራቀ ሁሉ ራሱን የጠበቀ ይመስለዋልና።

ጓያን መከልከል እንደ መፍትሔ ሊታሰብ ይችል ይሆናል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1961 ሽያጩን የሚከለክል ደንብ አውጥታ በብዙ ግዛቶች ሥራ ላይ አውላለች፤ ሰብሉ ግን ከማሳ አልጠፋም። ለአርሶ አደሩ የክፉ ቀን መተማመኛ የሆነን ሰብል ምትክ ሳያቀርቡ መከልከል ምርቱን ከቁጥጥር ውጪ ከማድረግ ያለፈ ውጤት አይኖረውም። የተሻለው አማራጭ ዝቅተኛ የመርዝ መጠን ያላቸውን ዝርያዎች ማስፋፋት ሲሆን፣ በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል አማካይነት እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ዋሴ» የተሰኘው ዝርያ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። እዚህም ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ ንቦች የጓያን አበባ እያዳቀሉ ዝርያውን ስለሚያደባልቁ የተጣራው ዘር በየጊዜው መታደስ አለበት። ሁለተኛ፣ የመርዙ መጠን በዝርያ ብቻ ሳይሆን በድርቅና በአፈር ሁኔታም የሚጨምር በመሆኑ፣ ዝርያው የተሻሻለ ነው ማለት በክፉ ዓመትም ያለ ገደብ ይበላል ማለት አይደለም።

ጉዳዩ በከተማ ለሚኖረው ሸማችም ባዕድ አይደለም። ጓያ ዋጋው አነስተኛ በመሆኑ ከሽምብራ፣ ከአተርና ከባቄላ ጋር ተደባልቆ በሽሮ መልክ ሲሸጥ ቆይቷል። በመጠኑ ሲደባለቅ፣ በተለይም ከእንጀራ ጋር ለሚበላ ሰው፣ አደጋው ዝቅተኛ መሆኑን ከላይ የተጠቀሰው ማስረጃ ይደግፈዋል። በዚህ ላይ አላስፈላጊ ሽብር መፍጠር አይገባም። ነገር ግን ሸማቹ የሚበላውን የማወቅ መብት አለው። ሽሮን በየቀኑ በርካሽ ዋጋ የሚገዙት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦችና በጅምላ የሚገዙ የምግብ አዳራሾች ስለሆኑም፣ የድብልቁ መጠን በአምራቹ በጎ ፈቃድ ብቻ ሊወሰን አይገባም። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበትንና አሳሳች መለያ የተለጠፈበትን ምግብ ይከለክላል። ሕጉ ያለ በመሆኑ የሚቀረው በተቆጣጣሪው እጅ ያለው መመዘኛ ነው፤ «የጥራጥሬ ዱቄት» የሚል ጥቅል ስያሜ ለምርመራም ለሸማችም አያመችም።

ከጓያና ከግብጦ ባሻገር፣ ምጣድ የማይፈታው ሌላው ችግር ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ነው። ይህ መርዝ ሙቀትን ስለሚቋቋም መቁላት መጠኑን በከፊል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያስወግደውም። የመቁላቱ መልካም መዓዛ የሻገተውን ዘር ሽታ ስለሚሸፍነው እንዲያውም ለአጭበርባሪ ሊያመች ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመና በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተካሄደ ጥናት ከመረመራቸው 110 የወተት ናሙናዎች መካከል ለአውሮፓ ገበያ ከተቀመጠው ገደብ ያልዘለሉት 9 ብቻ እንደነበሩ፣ ዋናው ምንጭም ለላሞች የሚቀርበው የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አመልክቷል። በፋጉሎው ላይ የተገኘው መርዝ ዘሩ በአጨዳ፣ በክምርና በመጋዘን ወቅት በቂ ጥንቃቄ እንዳልተደረገለት የሚጠቁም በመሆኑ፣ ያንኑ ዘር ቆልተው ለሰው ምግብ የሚያቀርቡ ድርጅቶችም ሊያስቡበት ይገባል። መጋዘን ከመግባቱ በፊት በፀሐይ በደንብ ያልደረቀን ዘር የትኛውም መቁያ ማሽን አይታደገውም።

የውጭ ገበያውም የራሱን መስፈርት ይዞ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት በአዲስ ምግቦች ደንቡ መሠረት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሌሎች አገሮች ለሚገቡ ባህላዊ ምግቦች ቀለል ያለ የማስመዝገቢያ መንገድ ከፍቷል። አመልካቹ ምግቡ በአገሩ ቢያንስ ለ25 ዓመታት ያለ ጉዳት ሲበላ መቆየቱን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። ፎኒዮ የተባለው የምዕራብ አፍሪካ እህል በዚሁ መንገድ ገበያው ተከፍቶለታል። ለኢትዮጵያ ዘሮች ከ25 ዓመታት አልፎ የዘመናት ታሪክ መኖሩ አያከራክርም፤ የሚጎድለው በጽሑፍ የተሰነደ ማስረጃ ነው። አንድ ዘር በየትኛው አካባቢ፣ በምን ያህል መጠን፣ በምን ዓይነት አዘገጃጀት እንደሚበላ የሚገልጽ መዝገብ ማዘጋጀት የግብርና፣ የጤናና የባህል ተቋማትን ቅንጅት ይጠይቃል። በመለያ ረገድም ኅብረቱ ግብጦን እ.ኤ.አ. በ2006 በአለርጂ አምጪዎች ዝርዝር ውስጥ አካቷል፤ ሰሊጥም በዚሁ ዝርዝር ይገኛል። አሜሪካም ከጥር 1 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰሊጥ በመለያ ላይ እንዲጠቀስ አስገድዳለች።

በነገራችን ላይ፣ ኑግ ወደ አሜሪካ የሚገባው በአብዛኛው ለወፎች መኖነት ሲሆን፣ በዚያ አገር ሕግ መሠረት የአረም ዘር ይዞ እንዳይገባ በከፍተኛ ሙቀት መታከም አለበት። በኢትዮጵያ ገበሬ የተመረተው ዘር በምጣድ ፋንታ በምድጃ ተግሎ ለድንቢጥ ይቀርባል ማለት ነው። ለሰው ምግብነት የሚበቃ ዘር በዚህ ዋጋ መሸጡ የማቀነባበር አቅም እጥረት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ያሳያል።

ለወረዳና ለዞን አስተዳደሮች ግን ከሁሉ የሚቀድመው የጓያ ጉዳይ ነው። ሰብሉ የሚዘራው ክረምቱ ሲገባደድ ነው። የገብሱ፣ የስንዴውና የሌላው ጥራጥሬ ሁኔታም በዚያው ጊዜ ተለይቶ ይታወቃል። አርሶ አደሩ ሌላው ሰብል እንደከሸፈበት ሲረዳ በቀረው እርጥበት ላይ ከወትሮው የበለጠ ጓያ ይዘራል። ስለሆነም የልማት ሠራተኞች በየቀበሌው የሚያሰባስቡት የዘር ሽፋን መረጃ ውስጥ የጓያ ማሳ ከአምናው በላይ መስፋቱ ብቻውን የማስጠንቀቂያ ምልክት ሊሆን ይችላል። ይህ መረጃ በግብርና ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ውስጥ ተከርችሞ የሚቀር ከሆነ ጤና ጣቢያው የሚያውቀው የመጀመሪያው ወጣት በምርኩዝ ሲመጣ ነው። ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ወደ አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ባለሙያው በወቅቱ ከደረሰ ግን፣ የዕርዳታ እህሉ ጓያው ታጭዶ ብቸኛው የቤት ምግብ ከመሆኑ በፊት እንዲደርስ ለማድረግ ሦስትና አራት ወራት ይገኛሉ። የሚላከው እህልም ብዙ መሆን አይጠበቅበትም፤ ከጓያው ጋር በሞሰቡ ላይ አብሮ መገኘቱ ነው የሚፈለገው።